ውድ ሰዓት፣ የተሳሳተ ቁጥር፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለላካችኋቸው ጥያቄዎች

ስለ ጠዋት ሩጫ ጠይቁን ብለን ነበር። ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡት ደብዳቤዎች ግን አብዛኞቹ ስለ ሩጫው ሳይሆን እጃችሁ ላይ ስላሰራችሁት ስማርት ሰዓት ነው የሚያወሩት። ንዴታችሁ ይገባኛል፣ ትክክልም ነው። አንዳንዶቻችሁ የወራት ደመወዝ አጠራቅማችሁ ነው የገዛችሁት፣ ለአንዳንዶቻችሁ ደግሞ ውጭ ያለ ወንድም ወይም እህት ከጉሮሮው ነጥቆ ነው የላከላችሁ። እንዲህ የተከፈለበት ዕቃ የሚሰጠው ቁጥር እርስ በርሱ ሲጣላ ሰው ቢበሳጭ አይፈረድበትም።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። እነዚህ ሰዓቶች በቀጥታ የሚለኩት ጥቂት ነገር ነው፦ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ከቆዳ ስር የሚመለስ ብርሃን፣ የሳተላይት ምልክት፣ የአየር ግፊት። ከዚያ ውጭ ስክሪኑ ላይ የምታዩት ሁሉ፣ ካሎሪው፣ የእንቅልፍ ደረጃው፣ የብቃት ነጥቡ፣ ከነዚህ ከጥቂቶቹ ተነስቶ የተሰላ ግምት ነው። አምራቾቹ ይህን አሳምረው ያውቃሉ። መመሪያው ውስጥ በደቃቅ ፊደል ይጽፉታል፣ ማስታወቂያው ላይ ግን ትንፍሽ አይሉም። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። የሰዓቶቹንና የሱቆቹን ስም ከደብዳቤዎቹ አውጥቻለሁ፤ ችግሩ የአንድ ድርጅት ብቻ አይደለምና።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔና ጓደኛዬ ከደሴ ተነስተን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ድረስ እንሮጣለን። የሁለታችንም ሰዓት ውድ ነው። አንድ ላይ ጀምረን አንድ ላይ ነው የምንጨርሰው። ግን የሱ ሁልጊዜ ከኔ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ያስበልጣል። ከፍታውማ አይወራም፣ አንድ ቀን እንኳ ገጥሞልን አያውቅም። የማንን እንመን? (ከፒያሳ፣ ደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሁለቱንም ሙሉ በሙሉ አትመኑ። ምክንያቱ ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

ሰዓትህ መንገዱን አይለካም። ወደ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩ ሳተላይቶች የሚልኩትን ምልክት ይቀበላል፣ ምልክቱ እሱ ጋ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ ያሰላል፣ ከዚያ ያለህበትን ቦታ ያወጣል። ለዚህ ቢያንስ 4 ሳተላይት ያስፈልገዋል። ሰማዩ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ በጥቂት ሜትር ስህተት ያገኝሃል። ሐረጎ ላይ ግን በአንድ በኩል ገደል፣ በሌላ በኩል ተራራ ነው፤ ተራራው ግማሹን ሰማይ ይጋርደዋል። ምልክቱም ቀጥታ በመምጣት ፋንታ ከቋጥኙ ነጥሮ ይደርሳል። የነጠረ ምልክት ረዘም ያለ መንገድ ስለሄደ ሰዓቱ አንዴ ገደሉ ውስጥ፣ አንዴ ከአስፋልቱ በላይ ቁጥቋጦው ውስጥ ያስቀምጥሃል፣ ከዚያ እነዚህን ነጥቦች ሲያገናኛቸው መስመሩ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ወዲያ ወዲህ ያለው ሁሉ ደግሞ ርቀት ሆኖ ይደመራል።

ተቃራኒውም አለ። ባትሪ ለመቆጠብ ሲባል በየሰከንዱ ሳይሆን በየጥቂት ሰከንዱ የሚመዘግቡ ሰዓቶች አሉ። እነሱ የሐረጎን ጥምዝ አይከተሉም፤ ከመታጠፊያው በፊት አንድ ነጥብ፣ ከመታጠፊያው በኋላ አንድ ነጥብ ይይዙና መሃሉን ቀጥ አድርገው ያሰምሩታል። ርቀቱ ያጥራል። ስለዚህ ያንተ አጭር የሱ ረጅም ከሆነ እኔ መጀመሪያ የማየው ሴቲንጉን ነው። ሁለታችሁም በየሰከንዱ እንዲመዘግብ አድርጉት። ሰዓቱ ባለሁለት ፍሪኩዌንሲ ከሆነ (ምልክቱን በሁለት የሬዲዮ ሞገድ የሚቀበል ማለት ነው፤ አንዱ 1575.42፣ ሌላው 1176.45 ሜጋኸርዝ) ሁለቱንም ክፈቱ። ሁለተኛው ምልክት የነጠረውን ከቀጥታው ለመለየት ይረዳዋል፣ ለተራራ አገር ትልቅ ነገር ነው። ባትሪ ስለሚበላ ብዙ ጊዜ ተዘግቶ ነው የሚመጣው። ሰው ዋናውን ነገር ከፍሎበት ሳይጠቀምበት ዓመት ያልፈዋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሰዓቱ ሳተላይቶቹ የት የት እንዳሉ የሚነግረውን ትንሽ ፋይል በስልክህ በኩል ከኢንተርኔት ያወርዳል። ኔት ጠፍቶ ቀናት ካለፉ ፋይሉ ያረጃል። ያኔ መረጃውን ራሱ ከሰማይ መልቀም አለበት። ከአንድ ሳተላይት የራሱን የጉዞ መረጃ ለመቀበል 30 ሰከንድ ገደማ ይፈጃል፣ የሁሉንም ማውጫ ሙሉ ለመቀበል ደግሞ 12 ደቂቃ ተኩል። ቁልፉን ተጭናችሁ ወዲያው ከተፈተለካችሁ የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር የተበላሸ ነው። ክፍት ቦታ ላይ ቁሙ፣ ሰውነታችሁን አሟሙቁ፣ ሰዓቱ ዝግጁ ነኝ ካላችሁ በኋላም አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩለት።

አሁን ወደ ከፍታው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ፤ ልዩነቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ውድ ሰዓቶች ከፍታን የሚያውቁት በአየር ግፊት ነው። ደሴ ላይ ግፊቱ በ1 ሄክቶፓስካል (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) ብቻ ሲለወጥ ሰዓቱ ከ10 ሜትር በላይ የወጣህ ወይም የወረድክ ይመስለዋል። እንደኛ አገር ለምድር ወገብ ቀረብ ባለ ቦታ ደግሞ ግፊቱ ዝናብ ባይኖርም በየቀኑ ከፍ ዝቅ ይላል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ከፍ ይላል፣ ከቀኑ 10 ሰዓት አካባቢ ዝቅ ይላል፣ ልዩነቱ 2 ወይም 3 ሄክቶፓስካል ሊደርስ ይችላል። እንግዲህ አስበው፣ ፒያሳ አንድ ወንበር ላይ ከረፋድ እስከ ማምሻ ብትቀመጥ ያልተስተካከለ ሰዓት 20 ወይም 30 ሜትር ወጣህ ሊልህ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ሁለታችሁም ከፍታውን በአንድ ቁጥር አስተካክሉት። ከሰዓቱ ጎን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳም በንጹህ ውሃ እጠቡ። ላብ፣ ሳሙናና አቧራ ይደፍናታል፣ የተደፈነች ቀዳዳ ደግሞ ግፊቱን አታውቅም።

የማንኛችሁ ሰዓት ወደ እውነቱ እንደሚቀርብ ለማወቅ ከፈለጋችሁ ከግንበኞች ባለ 50 ሜትር መለኪያ ተዋሱ። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሰማዩ ክፍት የሆነ፣ መኪና የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ፈልጉ። 500 ሜትር ለኩ፣ ሄዳችሁ ተመለሱ። እዚያ የሚያሳየው ስህተት የሰዓቱ ነው፤ ሐረጎ ላይ የሚጨምረው የተራራው ነው። እባካችሁ ደግሞ መታጠፊያው ላይ ሰዓት አትዩ። ያ መንገድ ከባድ መኪና የማይጠፋበት ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ታላቁ ሩጫ ላይ ተሳትፌ ነበር። 10 ኪሎ ሜትር ነው የተባለው፣ ሰዓቴ ግን 10.3 አለኝ። ማነው የተሳሳተው? (ከሆጤ፣ ደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ አዘጋጆቹን አትጠርጥሪ። የጎዳና ውድድር በዓለም አቀፉ ደንብ ሲለካ በብስክሌት ጎማ ላይ በሚታሰር ቆጣሪ ነው የሚለካው፣ የሚለካውም መታጠፊያዎቹን እየታከከ በሚሄደው በአጭሩ መስመር ነው። እንዳያጥር ተብሎ በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። አንቺ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሃል አጭሩን መስመር ይዘሽ ልትሮጪ አትችዪም። ሰው ታልፊያለሽ፣ ውሃ ለመውሰድ ወደ ጎን ትወጫለሽ። ተጨማሪው ርቀት ከፊሉ በእርግጥ የሮጥሽው ነው፣ የቀረው ከሕንጻ የነጠረ ምልክት ነው።

ጥያቄ፦ ዳገት ላይ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የልብ ምቴን 130 ይለኛል። ቁልቁለቱን ዘና ብዬ ስወርድ ደግሞ 176። ሱቁ ሄጄ ስናገር "ሰዓቱ ምንም አልሆነም፣ አንተ ሐኪም ጋ ሂድ" አሉኝ። ደንግጫለሁ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አብሽር። እንዲህ ብለው መላካቸው ግን አሳዝኖኛል፤ ሰው ዕቃ ሸጠው ሲያበቁ በጤናው ማስፈራራት ነውር ነው።

ሰዓቱ ከጀርባው የሚያበራው አረንጓዴ መብራት ቆዳህ ውስጥ ይገባል፣ ደም ብርሃኑን ይውጠዋል። ልብህ በመታ ቁጥር አንጓህ ውስጥ ያለው ደም ይጨምራል፣ ተመልሶ የሚመጣው ብርሃን ይቀንሳል። ያንን መቀነስና መጨመር ነው የሚቆጥረው። ስትቀመጥ በደንብ ይሠራል። ስትሮጥ ግን ክንድህ ይወዛወዛል፣ ሰዓቱም ቆዳህ ላይ ይንጣል፣ ብርሃኑም በዚያው ልክ ከፍ ዝቅ ይላል። የሩጫ እርምጃ በደቂቃ ከ160 እስከ 180 ነው። ስለዚህ ሰዓቱ ግራ ሲገባው የልብህን ትቶ እርምጃህን ይቆጥራል! ቁልቁለት ላይ እግርህ ይፈጥናል፣ ሰዓቱም ይነጠቃል፤ 176 ያለህ እርምጃህ ሊሆን ይችላል። አፑን ክፈትና የልብ ምቱን መስመርና የእርምጃውን መስመር አንዱን ባንዱ ላይ አድርገህ እያቸው። ተጣብቀው ከሄዱ መልሱን አገኘህ።

ዳገት ላይ ያሳየህ 130 ደግሞ ሌላ ነው። የምትሮጠው በማለዳ ከሆነ ብርዱ የእጅህን የደም ስሮች ያጠባቸዋል፣ ሰዓቱ የሚያነበው ደም ያንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ይሄ ይብሳል፣ ደሴ ላይ ደግሞ ከኮምቦልቻ የበለጠ። የላላ ማሰሪያም ያው ነው። ከአንጓው አጥንት ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ አውጥተህ አጥብቀህ እሰረው፣ ሩጫው ሲያልቅ አላላው። ሰዓቱ ስር ንቅሳት ካለ ወደ ሌላኛው እጅህ ቀይረው፤ ቀለሙ ብርሃኑን ይይዘዋል።

ስለ ቆዳ ቀለምም የጠየቃችሁ አላችሁ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ስህተቱ ከፍ እንደሚል አገኘ። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የዱክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ደግሞ በቆዳ ቀለም ምክንያት ጉልህ ልዩነት አላየሁም አለ፤ ያየው ትልቅ ልዩነት በእንቅስቃሴ ጊዜ ስህተቱ ከእረፍት ጊዜው በአማካይ 30 በመቶ መብለጡ ነው። ሁለቱን አይቼ እኔ የምለው፣ ለኛ አገር ሯጭ አስቀድሞ የሚያሳስበው መወዛወዙና ብርዱ ነው። ይሁንና አምራቾቹ በኛ ዓይነት ቆዳ ላይ ምን ያህል እንደሞከሩት በግልጽ ሊነግሩን ይገባል። ከሌላው ሰው እኩል ነው የከፈልነው።

መፍትሄው ምንድነው? የደረት ቀበቶ። በብርሃን ሳይሆን ልብ ራሷ በምታመነጨው ኤሌክትሪክ ነው የሚለካው። አዲስ ነገርም አይደለም፣ የፊንላንዱ ፖላር ገመድ አልባውን ይዞ የመጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ነው። ከሰዓቱ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው፣ ከአብዛኞቹ ሰዓቶችም ጋር በብሉቱዝ ይገናኛል። ከመታጠቅህ በፊት ቆዳህን የሚነካውን ቦታ በውሃ አርጥበው። ቀበቶ እስክታገኝ ድረስ ደግሞ ሩጫውን እንዳቆምክ ወዲያው አንገትህ ላይ ሁለት ጣት አስቀምጠህ ለ10 ሰከንድ ቁጠርና በ6 አባዛው። ከዘገየህ ምቱ ይወርዳል፣ ስለዚህ ፍጠን። በእጅህ ቆጥረህም ዘና ብለህ 176 ካገኘህ፣ ወይም ደረትህን ካመመህ፣ ወይም ካዞረህ፣ ያኔ ሐኪም ጋ ትሄዳለህ።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። ቀስ ብዬ ሶምሶማ ስሮጥ እንኳ ሰዓቱ "ከባድ ልምምድ" እያለ ይጮህብኛል፤ ሦስት ቀን እረፍ ይለኛል። ሁሉንም መረጃ በትክክል ነው የሞላሁት፣ ቁመቴን፣ ክብደቴን፣ የትውልድ ዘመኔን 1980። ምኑ ነው የተበላሸው? (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

መልስ፦ መምህር፣ ያገኘሁት ይመስለኛል። 1980 በኛ አቆጣጠር አይደል? ሰዓቱ የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። የርስዎ 1980 በነሱ 1987 ወይም 1988 ነው። ስለዚህ ሰዓቱ 38 ዓመትዎን ትቶ 46 ዓመት ሰጥቶዎታል።

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ብዙ ሰዓት ከፍተኛውን የልብ ምት የሚገምተው 220 ሲቀነስ ዕድሜ በሚለው ቀመር ነው። በ38 ዓመት 182 ይሆናል፣ በ46 ደግሞ 174። የልምምድ ደረጃዎቹ ሁሉ የሚቆራረጡት ከዚህ ቁጥር ነው። ጣሪያው በ8 ሲወርድ መካከለኛው ልምምድ ከባድ ይባላል፣ ከባዱ ከአቅም በላይ ይባላል፣ የእረፍት ሰዓቱ ይረዝማል፣ ካሎሪውም ይዛባል። የፈረንጁን ቀን አስልተው ያስገቡ። ይህን የምታነቡ ሁሉ አሁኑኑ ፕሮፋይላችሁን እዩት፤ ከመምህሩ ጋር አንድ ዓይነት ችግር ያለበት ሰው ብዙ እንደሆነ እጠረጥራለሁ።

ዕድሜውን ካስተካከሉ በኋላም ቀመሩ የአማካይ ሰው ቀመር ነው። ሁለት እኩያ ሰዎች በ10 እና በ12 ምት መለያየታቸው የተለመደ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. የተሻለ የተባለ ቀመር ወጥቷል፣ 208 ሲቀነስ 0.7 ጊዜ ዕድሜ የሚለው፤ እሱም ለርስዎ 181 ነው የሚሰጠው፣ እሱም አማካይ ነው። ጤናዎ ከፈቀደ በደረት ቀበቶ ጠንከር ያለ ዳገት ደጋግመው ሮጠው ያዩትን ከፍተኛ ቁጥር ራስዎ ሰዓቱ ውስጥ ያስገቡ። ቪኦቱ ማክስ (ሰውነት ሲለፋ ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን) የሚለውም ነጥብ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው፤ ፍጥነትን ከልብ ምት ጋር አነጻጽሮ የሚያወጣው ግምት ነው። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፣ ፍጥነት ይቀንሳል፣ ሰዓቱም "ብቃትህ ደካማ ነው" ይላል። የደሴን ዳገት የሚሮጥ ሰው ደካማ አይደለም።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ጂም እሠራለሁ። ትሬድሚል ላይ 6 ኪሎ ሜትር ስሮጥ ሰዓቴ 700 ካሎሪ አቃጠልሽ ይለኛል። በሱ ልክ ነው የምበላው። ወራት አለፉኝ፣ ክብደቴ 65 ኪሎ ላይ ተቸንክሯል። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እህቴ፣ ስንፍና አይደለም፣ ራስሽን አትውቀሺ። ቁጥሩ ነው።

ከላይ ያነሳሁት የስታንፎርድ ጥናት 7 መለኪያዎችን በ60 ሰዎች ላይ ሞክሮ ነበር። የልብ ምቱን 6ቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለኩት። ካሎሪ ላይ ግን አንዳቸውም ከ20 በመቶ በታች አልወረዱም። የተሻለው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ። ሰዓቶቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል፣ ግን ካሎሪ አሁንም ከክብደት፣ ከዕድሜና ከልብ ምት የሚሰላ ግምት ነው። በዚህ ቁጥር እንጀራ መመጠን አይቻልም።

በእጅ የሚሰላ ቀላል መንገድ አለ። በሜዳ ላይ ሩጫ በግምት ለ1 ኪሎ ክብደት በ1 ኪሎ ሜትር 1 ካሎሪ ይፈጃል። የአንቺ 65 በ6 ሲባዛ 390 ነው። ከ700 ጋር አስተያዪው! ልዩነቱ አንድ ሙሉ መክሰስ ነው። ሌላም ማየት ያለብሽ ነገር አለ፤ አንዳንድ አፕ ሁለት ካሎሪ ያሳያል፣ አንዱ በእንቅስቃሴ ያቃጠልሽው፣ ሌላው ቁጭ ብትዪም ሰውነትሽ የሚፈጀው ተደምሮበት። ሁለተኛውን ይዘሽ ከሆነ የምትበዪው ከመጠን ያልፋል። ትሬድሚል ላይ ደግሞ ጂፒኤስ የለም፤ ርቀቱን ከክንድሽ ውዝዋዜ ነው የሚገምተው፣ መያዣውን ከጨበጥሽ ይጠፋዋል። የማሽኑን ርቀት ውሰጂ፣ የሰዓቱን ካሎሪ ከስክሪኑ አጥፊው፣ ምግብሽን በሚዛንና በልብስሽ ልክ ተከታተዪ።

ጥያቄ፦ ቡና ስወቅጥ እርምጃ ይቆጥራል፣ ልጄን አዝዬ ገበያ ስሄድ አይቆጥርም። (ከደሴ)

መልስ፦ እጅ ነው የሚያየው፣ እግር አያይም። ሙቀጫ ላይ እጅሽ ከፍ ዝቅ ስለሚል እርምጃ ይመስለዋል፤ ልጅ አዝለሽ እጅሽን ወደ ኋላ ስትይዥ ደግሞ እጅሽ ዝም ስላለ የተቀመጥሽ ይመስለዋል። ባጃጅ ኮብልስቶን ላይ ሲንጥሽም ሊቆጥር ይችላል። ብዙ አፕ ላይ ያለው 10,000 እርምጃም ቢሆን መነሻው በ1965 እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ የተሸጠ የእርምጃ መቁጠሪያ ማስታወቂያ ነው። ልጅ አዝሎ ዳገት መውጣት ከዚያ ሁሉ ይበልጣል፣ ቆጠረም አልቆጠረም።

ጥያቄ፦ ጡረተኛ ነኝ። ልጄ ከአሜሪካ የላከችልኝ ሰዓት ሌሊት ሌሊት የደም ኦክስጅኔን 88 እና 89 ያሳየኛል። ቀን ላይ ምንም አይሰማኝም። ለልጄ ብነግራት ትጨነቃለች ብዬ ዝም አልኩ። (ከደሴ)

መልስ፦ ጋሼ፣ በጽሞና እንየው። በእጅ አንጓ ላይ የሚደረግ የኦክስጅን ልኬት ከሰዓቱ ሥራዎች ሁሉ በቀላሉ ከሚሳሳቱት አንዱ ነው። ሌሊት እጅዎ ይቀዘቅዛል፣ ክንድዎ ላይ ይተኙበታል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ያኔ ቁጥሩ ይወርዳል። ብዙዎቹ አምራቾች ራሳቸው ለሕክምና የሚሆን አይደለም ብለው ይጽፋሉ።

ይሁን እንጂ "ደሴ ከፍታ ስለሆነች ነው" ብለው አይተዉት። ከፍታ ላይ ቁጥሩ በመጠኑ ዝቅ ማለቱ እውነት ነው፤ ነገር ግን በ2002 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በኢትዮጵያ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክቶ በአማካይ 95.3 በመቶ ነው ያገኘው። ያ ከደሴ በ1,000 ሜትር ገደማ የሚበልጥ ከፍታ ነው። ስለዚህ 88 በእርግጥ የርስዎ ከሆነ ከፍታው ብቻውን አይገልጸውም።

የሚያደርጉት ይህ ነው። አቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ቁጭ ብለው ይረፉ፣ እጅዎን ያሙቁ፣ ጣት ላይ በሚቆነጠጠው መሣሪያ ያስለኩ። ጥሩ ከሆነ ሰዓቱን ይተዉት። ከ90 በታች ከሆነ፣ ወይም ሌሊት በጣም የሚያንኮራፉና ትንፋሽ አጥሮዎት የሚነቁ ከሆነ፣ ሐኪሙ በደንብ ይመርምርዎ። ትንፋሽ ማጠር፣ የደረት ሕመም ወይም የከንፈር መጥቆር ካለ ደግሞ ቀጠሮ አይጠብቁ። ለልጅዎም ይንገሯት ጋሼ። የላከችው ልትጠይቅዎት ፈልጋ ነው።

ጥያቄ፦ ሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ነርስ ነኝ። ቀን 6 ሰዓት ሙሉ ተኝቼ ሰዓቴ "አልተኛሽም" ይለኛል። በረመዳን ደግሞ ለሱሁር ስነሳ ሁሉ ነገር ይደበላለቅበታል። (ከደሴ)

መልስ፦ አንዳንዶቹ ሰዓቶች ሌሊት የሚተኛ ሰው ብቻ ነው የሚያውቁት። አፑ ውስጥ የመኝታ ሰዓት የሚለውን በተረኛነትሽ ልክ ቀይሪው። እንቅልፍ በትክክል የሚለካው ላብራቶሪ ውስጥ የአንጎልን ሞገድ በማንበብ ነው፤ ሰዓቱ ያለው እንቅስቃሴና የልብ ምት ብቻ ነው። ዝም ብለሽ ጋደም ስትዪ ተኝታለች ይላል። ጠቅላላ የእንቅልፍ ሰዓቱን በግምት ያዥው፣ "ጥልቅ እንቅልፍ 40 ደቂቃ" የሚለውን ግን ከቁም ነገር አትቁጠሪው።

ጥያቄ፦ ከሰው እጅ የሚሸጥ ውድ ሰዓት አግኝቻለሁ፣ ከዱባይ መጣ ይላሉ። ኦርጅናል መሆኑን በምን አውቃለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት ሰዓቱን ለአንድ ሰዓት ስጡኝ በል፤ እምቢ ካሉህ ሂድ። መጀመሪያ ከአምራቹ ዋና አፕ ጋር አገናኘው። የውሸቱ አብዛኛውን ጊዜ የማይታወቅ ሌላ አፕ አውርድ ይልሃል። የቀድሞው ባለቤት አካውንት ከላዩ መውጣቱንም አረጋግጥ፣ አለበለዚያ ከፍለህ የማትከፍተው ዕቃ ይሆናል።

ቀጥሎ ስልክህን ጓደኛህ ጋ ተወውና ሰዓቱን ብቻ ይዘህ አንድ ዙር ሰፈር ዞረህ ና። ካርታ ላይ መስመር ካልሳለ የራሱ ጂፒኤስ የለውም፣ ከስልክ ነው የሚዋሰው። ብዙ ሰው የተታለለው እዚህ ላይ ነው፤ ሳጥኑ ላይ ጂፒኤስ ተብሎ ይጻፋል፣ የማን ጂፒኤስ እንደሆነ ግን አይጻፍም።

ከዚያ እጅህ ላይ አድርገህ ቁጭ ብለህ የልብ ምትህን በጣትህ እየቆጠርክ አስተያየው። ከዚያ ደረጃ ሮጠህ ውጣና ድገመው። ምትህ ጨምሮ የሰዓቱ ቁጥር ካልተነሳ፣ ወይም ከእጅህ አውልቀህ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጠው 75 እያለ ከቀጠለ፣ ቁጥሩ ከየትም የመጣ ነውና አትግዛው። ባትሪውንም ጂፒኤስ ከፍተህ ግማሽ ሰዓት ያህል አሠራውና ስንት በመቶ እንደወረደ እይ፤ ያረጀ ባትሪ እዚህ የሚቀይርልህ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። ለሩጫ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው ግን የራሱ ጂፒኤስ ያለው መካከለኛ ሰዓት ግዛና በተረፈህ ገንዘብ የደረት ቀበቶ ጨምርበት። ከውዱ ሰዓት ብቻውን የተሻለ የልብ ምት ታገኛለህ፣ ለጫማም ይተርፍሃል።